የሣህለ ሥላሴ ብርና የለሚው ዋንጫ

ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል ለሚ ሄጄ ነበር። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ሙከ ጡሪ ላይ ወደ ዓለም ከተማ የሚታጠፈውን መንገድ የሄደበት ሰው ለሚን አያጣትም። የጀማ ገደል ከመጀመሩ በፊት፣ ደጋው ጫፍ ላይ ያለች የእንሳሮ ወረዳ ከተማ ናት። ዛሬ ዛሬ ስሟ የሚነሳው በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በተመረቀው የሲሚንቶ ፋብሪካ ምክንያት ነው። እኔን የወሰደኝ ግን ሲሚንቶ ሳይሆን ሽምግልና ነው።

የአንድ የቆየ ወዳጄ እናት ሙት ዓመት ከወጣ በኋላ ሦስት ልጆቻቸው ውርስ ሊካፈሉ ተቀመጡ። ሕግ ተምሬአለሁና ከሽማግሌዎቹ አንዱ እንድሆን ተጠራሁ። ቤቱና መሬቱ አላጣላቸውም። ያጣላቸው አልጋ ሥር ከነበረ አሮጌ ሳጥን የወጣ ዕቃ ነው። አፉና መቀመጫው በብር የተለበጠ አንድ የቀንድ ዋንጫ፣ ከእሱም ጋር በነጭ ነጠላ የተጠቀለሉ ስድስት የብር ማንኪያዎች። ማንኪያዎቹን ያመጡት አያታቸው ናቸው ይባላል፤ በንጉሡ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የውጭ አገር ሌጋሲዮን ወጥ ቤት ያገለገሉ ሰው ነበሩ። ዋንጫው ግን ከእሳቸውም የቀደመ ነው።

ታላቅ ወንድም ዕቃው በግራም ተመዝኖ ይሸጥና ገንዘቡን እንካፈል ባይ ነው። እህት በሞተች እናቴ ዕቃ ላይ ሚዛን አይቀመጥም ብላ አለቀሰች። ታናሽየው ዝም አለ፤ ኋላ እንደሰማሁት ልጁ ታሞበት ገንዘብ የሚያስፈልገው እሱ ነበር። በመካከል አንድ የቤተ ዘመድ አዛውንት ተነሡና ይህ ዋንጫ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴን ጠጅ የጠጣ ነው ብለው አረፉት።

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ያረጀ ዕቃ ባለበት ቤት ሁሉ የዚህ ንጉሥ ስም ሳይነሳ አይቀርም። ሕግ የተማረ ሰው ደግሞ ማስረጃ መጠየቅ ልማዱ ነው። እዚያ ግን ማስረጃ አልጠየቅኩም። ወደ ቤቴ ስመለስ መጻሕፍቴን አወጣሁና የንጉሡን ሕይወት እንደገና አነበብኩ። ያገኘሁት ነገር ከለሚው ሳጥን ጋር የሚያገናኘው ከጠበቅኩት በላይ ሆነብኝ፤ ምክንያቱም የሣህለ ሥላሴ ታሪክ ከመጀመሪያው የውርስ ታሪክ፣ ከመጨረሻውም የብር ታሪክ ነው።

ሣህለ ሥላሴ የተወለዱት በ1787 ዓ.ም. ገደማ ነው። አያታቸው መርዕድ አዝማች አስፋ ወሰን፣ አባታቸው ራስ ወሰን ሰገድ ናቸው። እናታቸው ወይዘሮ ዘነበ ወርቅ በሰላ ድንጋይ በኩል የራሳቸው ግዛትና ሠራዊት የነበራቸው ብርቱ ሴት ነበሩ። ልጁም በሰላ ድንጋይ ገዳም ሲማር ነው ያደገው። የአባቱ መቀመጫ ግን ቁንዲ ነበር። በ1805 ዓ.ም. ወሰን ሰገድ በገዛ አገልጋያቸው እጅ ተገደሉ።

በዚያ ዘመን የሸዋ መሳፍንት የውርስ ልማድ አጭርና ጨካኝ ነበር። አንዱ ወንድም ይነግሣል፤ የቀሩት ጎንቾ ወደሚባለው እስር ቤት ይወርዳሉ። ዕድሜ ልካቸውን ሰንሰለት ይዘው ይኖራሉ። ተራው የታላቅ ወንድም የበኩሬ ነበር። በኩሬ የአባቱ ሞት ሲሰማ መርሐ ቤቴ ነበር፤ ከለሚ ቆመው ቢያዩ የጀማን ገደል ተሻግሮ የሚታየው አገር ማለት ነው። እሱ ሲዘገይ ገና የአሥራ ስምንት ዓመት ገደማ የነበረው ተማሪ ከገዳሙ ወጣ። የእናቱ ወገኖች የሆኑትን መንዞች አስከትሎ ቀደመና ሥልጣኑን ያዘ። ጎንቾ የወረደውም ሳይሆን ያወረደው እሱ ሆነ። ይህን የምጽፈው ንጉሡን ለመክሰስ አይደለም። ያን ቀን ባይቀድሙ ኖሮ በሰንሰለት የሚያረጁት እሳቸው ነበሩ።

ሣህለ ሥላሴ ሠላሳ አራት ዓመት ገዙ። ከቤታቸው ንጉሥ የሚለውን ማዕረግ ለራሱ የሰጠ የመጀመሪያው ገዢ እሳቸው ናቸው። አንኮበርን ዋና ከተማ አድርገው፣ ከደብረ ብርሃን በስተ ምዕራብ አንጎለላን ቆርቁረው በሁለቱ መካከል እየተመላለሱ ገዙ። በየዓመቱ ይዘምቱ ነበር፤ ዘመቻው ለተዘመተበት አገር ምን እንደነበር የሚታወቅ ነው። በአንጻሩ ችጋር በገባበት ዘመን የመንግሥቱን ጎተራ ከፍተው እህል ያደሉ ንጉሥ እንደነበሩ ይነገርላቸዋል። በዘመኑ ሰሜኑ በመሳፍንት ጦርነት ሲታመስ ሸዋ በአንጻራዊ ሰላም የኖረችው በእሳቸው ነው።

አሁን ወደ ብሩ እንምጣ። ዛሬ አንድ ሰው ገንዘብ ካለው ፒያሳ ወይም መርካቶ ወርዶ የፈለገውን ወርቅና ብር ይገዛል፤ ለሠርግ ያጠልቃል፤ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል። በሣህለ ሥላሴ ሸዋ እንዲህ አልነበረም። የወርቅ ጌጥ የንጉሣውያኑ ብቻ ነበር። ብር ደግሞ የሹመትና የጀግንነት ምልክት ነው። በብር የተለበጠ ሰይፍ የታጠቀ ሰው ሲያልፍ አገረ ገዥ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ክንዱ ላይ የብር ቢተዋ ያጠለቀ ሰው ሲታይ ግዳይ የጣለ መሆኑ ይታወቃል። ብሩን የሚሰጠው ንጉሡ ነው። ሰው ቢከብር እንኳ ሀብቱን በአደባባይ ማሳየት፣ ውድ ዕቃ መግዛት የተከለከለ ነበር። በዛሬ ቋንቋ ብር የፈቃድ ዕቃ ነበር እንበል።

ብሩ ከየት ይመጣ ነበር? በሸዋ የብር ማዕድን አልነበረም። ብሩ የሚመጣው በግመል ነው። ከታጁራና ከዘይላ ወደብ ተነስቶ የአፋርን በረሃ ያቋረጠ ሲራራ ነጋዴ ከአንኮበር ግርጌ አልዩ አምባ ላይ ያርፋል። እዚያ በየዓርቡ ገበያ ይቆማል። ዋናው ገንዘብ ጠገራ ብር፣ ማለትም የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ መልክ ያለበት ሳንቲም ነው። ንግሥቲቱ የሞቱት እ.ኤ.አ. በ1780 ቢሆንም ብሩ ከእሳቸው ሞት በኋላም ያንኑ ዓመተ ምሕረት እንደያዘ ሲመታ ኖሯል። የአገራችን ገበሬና ነጋዴ ጠገራውን ዝም ብሎ አይቀበልም። የንግሥቲቱ ዘውድና ደረት ላይ ያሉት ዕንቁዎች ደህና መታየታቸውን፣ ከታች ያሉት ኤስ. እና ኤፍ. የሚባሉ ፊደላት መጥራታቸውን አገላብጦ ያያል። ያልጠራውን ይመልሳል። ለሽርፍራፊ ግዢ ደግሞ አሞሌ ጨው አለ።

ከዚህ ጠገራ ላይ ንጉሡ ቀረጥ ይወስዳሉ። እውነቱን ለመናገር ከቀረጡ ያልተናነሰው የባሪያ ንግድ ቀረጥ ነው። አብዱል ረሱል በሚባለው የአካባቢው ገበያ ከደቡብና ከምዕራብ የመጡ ወንዶችና ሴቶች፣ ልጆችም ጭምር ይሸጡ ነበር። አንኮበር ግምጃ ቤት የገባው ብር ከቡናና ከዝሆን ጥርስ ብቻ የመጣ አልነበረም። ያያቶቻችንን ብር ስናወድስ ይህንንም ማሰብ ይገባናል። የሸዋ አንጥረኛ ያንን ጠገራ አቅልጦ ነው መስቀሉን፣ ድሪውን፣ አልቦውን፣ የጆሮ ኩኩንና የዋንጫውን ልባጥ የሠራው።

በንጉሡ ግብር ላይ ታዲያ ምን ዓይነት ዕቃ ይቀርብ ነበር? አንባቢ የብር ሳህንና የብር ሹካ አስቦ እንደሆነ ይታረም። ሰፌድና መሶብ፣ ቢላዋ፣ ብርሌ፣ የቀንድ ዋንጫ ነው የነበረው። እንጀራው ራሱ ሳህን ነው፤ ጣትም ሹካ ነው። ንጉሡ ከሕዝቡ ዓይን ተከልለው ይበሉና በኋላ አዳራሹ ሲከፈት ሹማምንቱ፣ ከዚያ ወታደሩ፣ ከዚያ ተራው ሰው በየማዕረጉ ይገባል። ጠጅ የሚጣለው በንጉሥ ፈቃድ ነበር፤ ማን በብርሌ፣ ማን በዋንጫ እንደሚጠጣም የሚታወቅ ሥርዓት አለው። ብር በገበታው ላይ ካለ በጥቂቱ ነው፤ በአንድ ዋንጫ አፍ ዙሪያ እንደ ቀለበት የዞረ ቀጭን ልባጥ ነው። ከእንግሊዝ መኳንንት የብር ገበታ ጋር ሲነጻጸር ምንም ነው። ግን አንዱ ዋንጫ ከሌላው የሚለየው በዚያች ልባጥ ነበር፤ የሚጠጣው ሰውም ማን እንደሆነ የሚታወቀው በእሷ ነው።

አንኮበር የውጭ ሰዎችን ያየችውም በእሳቸው ዘመን ነው። በ1831 ዓ.ም. ሚስዮናውያኑ ኢዘንበርግና ክራፍ ደረሱ። ክራፍ እስከ 1834 ዓ.ም. ቆየ። ከእነርሱ በኋላ ከፈረንሳይ ሮሼ ዴሪኩር መጣ፤ በ1835 ዓ.ም.ም ከፈረንሳይ ጋር ውል ተፈረመ። ትልቁ ግን በካፒቴን ሐሪስ የተመራው የእንግሊዝ ልዑክ ነው። በ1833 ዓ.ም. መጨረሻ በግመል ጭነት ስጦታ ይዞ ገባ። ሦስት መቶ ጠመንጃ ከነሳንጃው፣ መድፍ፣ የካሽሚር ሻል፣ በራሱ የሚዘፍን የሙዚቃ ሣጥንና ሌላም ብዙ ነገር ነበር። ንጉሡ ዕቃ ይወዱ ነበር። የመሣሪያ አሠራር፣ የሰዓት አሠራር፣ የመድኃኒት አቀማመም መጠየቅ ይወዱ ነበር። በግቢያቸው ቀጥቃጮች፣ ሸማኔዎች፣ ባሩድ ሠሪዎች፣ የውጭ አገር የእጅ ባለሙያዎችም ነበሩ። ዲሜትሪዎስ የሚባል ሰው በውሃ የሚሄድ ወፍጮ ሠርቶላቸው ነበር። ወፍጮው ጥቂት ቀን ከሠራ በኋላ ካህናቱ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው ስላወገዙት ቆመ። ውሃው ግን መውረዱን አላቆመም።

ሣህለ ሥላሴ በኅዳር 1834 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ፈረሙ። ውሉ አሥራ ስድስት አንቀጾች ነበሩት። አብዛኛው ስለ ንግድ ነው፤ በእንግሊዝ ሸቀጥ ላይ የሚከፈለው ቀረጥ ከመቶ አምስት እንዲሆን ይላል። እኔን እንደ ሕግ ሰው ያስደነቀኝ ግን ሌላ ነው። ልዑኩ ራሱ እንደ ዋና ትርፍ የቆጠራቸው ሦስት ጉዳዮች አሉ። አንደኛው፣ በሸዋ የሞተ የውጭ ሰው ንብረት ለንጉሡ መሆኑ ቀረ። ሁለተኛው፣ በአገሪቱ ውስጥና ከአገሪቱ ውጪ መጓዝ የሚያስቀጣ መሆኑ ቀረ። ሦስተኛው፣ ባለአገሩ ውድ ዕቃ እንዳይገዛ፣ ገዝቶም እንዳያሳይ የሚከለክለው ጥንታዊ ልማድ ቀረ።

አንባቢ ሆይ፣ ይህችን ሦስተኛዋን ልብ በልልኝ። በወረቀት ላይም ቢሆን አንድ የሸዋ ሰው ያለ ንጉሥ ስጦታ ብር ገዝቶ ገበታው ላይ ማስቀመጥ ይችላል ማለት ነው። ዕቃ ማሳየት ተራ ነገር ይመስላል። ግን ሰው ያለውን ለእንግዳው አውጥቶ ማቅረብ ካልቻለ ንብረቱ ሙሉ በሙሉ የእሱ አይደለም። ባለቤትነት ማለት መያዝ ብቻ አይደለም፤ መጠቀምና ማስተላለፍም ነው። የሕግ ተማሪዎች በአንደኛ ዓመት የሚማሩት ይህንኑ ነው። ሣህለ ሥላሴ ይህን በሐሪስ ብዕር ፈረሙ። እንግሊዞች ግን ውሉን አልገፉበትም፤ ልዑኩም በ1835 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመለሰ። ልማድ በአንድ ወረቀት አይሻርምና በሸዋ የብር ማዕረግነት ከዚያም በኋላ ለብዙ ዘመን ቀጥሏል።

ልዑኩ ከመሄዱ በፊት የሆነ አንድ ነገር አለ። ንጉሡ ታመው ነበር፤ ሞትንም ያሰቡ ይመስለኛል። የጎንቾ እስር ቤት በር ተከፈተና በዚያ የነበሩ ሰባት የንጉሣውያን ቤተ ዘመድ፣ ወንድሞቻቸው ጭምር፣ ተፈቱ። ሠላሳ ዓመት ገደማ በሰንሰለት የቆዩ ነበሩበት። ሣህለ ሥላሴ በግምጃ ቤታቸው ብር ብቻ አልነበረም የቆለፉት፤ የአባታቸውን ልጆችም ቆልፈው ነበር። ያንን ቁልፍ በራሳቸው እጅ መክፈታቸው በእኔ ሚዛን ከውሉም ከዘመቻውም ይበልጣል።

ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በጥቅምት 1840 ዓ.ም. አረፉ። ልጃቸው ኃይለ መለኮት ነገሡ። ስምንት ዓመት ሳይቆዩ አፄ ቴዎድሮስ ሸዋ ገቡ፤ ኃይለ መለኮትም በ1848 ዓ.ም. በሕመም ሞቱ። ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. አንጎለላ የተወለደው የልጅ ልጃቸው ምኒልክ ተይዞ መቅደላ ወረደ። በ1857 ዓ.ም. አምልጦ አንኮበር ገባና የአያቱን ዙፋን ያዘ።

መቅደላን እንዳነሣን እንጨርሰው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ የቴዎድሮስ ሀብት፣ ጽዋው፣ ዘውዱ፣ ብሩና መጽሐፉ በአሥራ አምስት ዝሆንና በሁለት መቶ ገደማ በቅሎ ተጭኖ ወረደ። ደላንታ ሜዳ ላይም በጨረታ ተሸጠ። የእኛ ዕቃ በሌላው አገር ሰብሳቢዎች መደርደሪያ ላይ ማረፍ የጀመረው ያኔ ነው። በ2014 ዓ.ም. ከለንደን ከተመለሱልን የመቅደላ ቅርሶች መካከል ከቀንድ የተሠሩ መጠጫዎች ነበሩበት። ለጨረታ ወጥተው የነበሩ ናቸው። እንግሊዝ አገር ሰው መቶ ሃምሳ ዓመት ያስቀመጠውን ዋንጫ እኛ ለሚ ላይ በሚዛን ልንሸጥ ነበር ማለት ነው።

ምኒልክ የአያታቸውን ነገር በሌላ መንገድ ጨረሱት። በ1887 ዓ.ም. በፓሪስ የራሳቸውን መልክ የያዘ ብር አስመቱ። ሕዝቡ ግን ጠገራውን አልለቅ ብሎ ብዙ ዘመን ያዘ። ጠገራ ብር ሃያ ስምንት ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከሺህ እጅ 833ቱ ንጹህ ብር ነው። የምኒልክ ብር 835 ነው። ስተርሊንግ የሚባለው የእንግሊዝ ብር ደግሞ 925 ነው። በ1936 ዓ.ም. የወጣው ሃምሳ ሳንቲማችን እንኳ 800 ነበር፤ ለዚህም ነው ከገበያ ጠፍቶ አንጥረኛ ቤት የገባው። ስለዚህ አንድ የሸዋ የብር ዕቃ በመቶ ግራም ውስጥ ሰማንያ ሦስት ግራም ያህል ንጹህ ብር ቢኖረው አታላይ ሠራው ማለት አይደለም። ከጠገራ የተሠራ ነውና እንደ እናቱ ነው።

የለሚዎቹ ማንኪያዎች ግን ሌላ ወገን ናቸው። ጀርባቸውን በመነጽር ስናይ የሚራመድ አንበሳ ተመትቶባቸዋል፤ ከጎኑ የነብር ራስና አንድ ፊደል አለ። አንበሳው ስተርሊንግ መሆኑን፣ የነብሩ ራስ ለንደን መፈተሹን፣ ፊደሉ ደግሞ ዓመቱን ይናገራል። ይህ የእንግሊዝ ሕግ ነው፤ መነሻው እ.ኤ.አ. በ1300 ንጉሥ ኤድዋርድ ቀዳማዊ ያወጡት ድንጋጌ ነው። ገዢው እንዳይታለል ዕቃው ላይ የመንግሥት ዋስትና ይታተማል። አልዩ አምባ ላይ የማሪያ ቴሬዛን ዕንቁ የቆጠረው ነጋዴ ያለ ሕግ አውጪ በዓይኑ የሠራው ያንኑ ሥራ ነው።

እቤትህ እንዲህ ያለ ዕቃ ካለ ጥቂት ልምከር። ኢ.ፒ.ኤን.ኤስ. የሚል ፊደል ካየህ ዕቃው ብር የተቀባ እንጂ ብር አይደለም። ብር የተቀባ ዕቃ ሲያረጅ ጠርዙ ላይ ቢጫ ወይም ግራጫ ይወጣዋል። የአገራችን አንጥረኛ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ ምንም ማኅተም የለውም፤ የእጁ ሥራ ራሱ ማኅተሙ ነው። ብር የሚጠቁረው በአየርና በምግብ ውስጥ ካለ ድኝ ጋር ሲገናኝ ነው። ለዚህ ነው እንቁላል የተበላበት ማንኪያ ቶሎ የሚጠቁረው። በሱፍ ጨርቅ፣ በጋዜጣ ወይም በላስቲክ አትጠቅልለው። ጨው ሳይታጠብ እንዳይቆይበት፤ ብሩን ይበላዋል። በአመድ አትፈትገው፤ ይጭረዋል። ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ታጥቦ በለስላሳ ጨርቅ ወዲያው ከደረቀ ይበቃዋል። ዋንጫ ከሆነ ፈላ ውሃ ውስጥ አትንከረው፤ ቀንዱ ይጣመማል፤ ልባጡም ይላቀቃል። ከሁሉ የሚሻለው መድኃኒት ግን መጠቀም ነው። በየቀኑ የሚታጠብና የሚደረቅ ብር አይጠቁርም፤ የሚጠቁረው የተቆለፈው ነው።

ስለ ሕጉም አንድ ቃል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ በግለሰብ እጅ ሊሆን እንደሚችል ይቀበላል። ባለቤቱ ግን የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት አይችልም። ከእያንዳንዱ ቤት የወጣ ማንኪያ ሁሉ ቅርስ ነው ማለቴ አይደለም። አሮጌ የአገር ሥራ ያለው ሰው ግን ለሻጭ ከማሳየቱ በፊት ለሚያውቅ ሰው ማሳየት አለበት ማለቴ ነው። በሚዛን የሚገዛው ሰው ሌባ አይደለም፤ ሙያው ማቅለጥ ነው። አንዴ ከቀለጠ በኋላ ግን የአንጥረኛውን እጅ መልሶ የሚያመጣ ፍርድ ቤት የለም።

ወደ ለሚ እንመለስ። በሁለተኛው ቀን ሽምግልናው ሲቀጥል ሕጉን ብቻ ብናነብ ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። በዓይነት የሚከፈል በዓይነት ይከፈላል፤ የማይከፈል ይሸጥና ዋጋው ይከፈላል። ስድስቱ ማንኪያ ለሦስት ለየሁለት ይደርሳል። ዋንጫው ግን አይከፈልም፤ የተቆረጠ ዋንጫ ጠጅ አይዝም። እኔ የሣህለ ሥላሴን ወንድሞች ነገር ተረክሁላቸው። መርሐ ቤቴ ከደጃቸው ትታያለችና ስለ በኩሬ ስነግራቸው ሦስቱም ወደዚያ አዩ። አልተከራከሩም።

በመጨረሻ የታናሽየው ጉዳይ ወጣ። ልጁ እንደታመመበት ታላቅየው አላወቀም ነበር፤ ሲሰማ አፈረ። እህትና ታላቅ ወንድም ተነጋግረው የታናሽየውን የዋንጫ ድርሻ ገዙት። የከፈሉት ዋጋ የግራም ሚዛኑ ከሚያወጣው በላይ ነበር። ታናሽየው ከእነዚያ ሁለት ማንኪያዎቹ አንዱን ሸጠ፤ ለሕክምና ነውና ማንም አልወቀሰውም። ሁለተኛውን አስቀረ። ዋንጫው በእህት ቤት እንዲቀመጥ፣ ከቤተሰቡ ማንም ሰው ሠርግ ወይም ክርስትና ሲኖረው እንዲወጣና እንዲጠጣበት፣ ማንም ብቻውን እንዳይሸጠው በአንድ ገጽ ወረቀት ተፈራረሙ። እኔ ጻፍኩት፤ ሽማግሌዎች ምስክር ሆኑ። ከሐሪስ ውል በጣም ያጠረ ነበር፤ ሦስት አንቀጽ ብቻ።

ልንለያይ ስንል እህትየው ቡና አፈላች። ስኳር የምናማስልበት አንዱ አንበሳ የተመታበት ማንኪያ ነበር። በዕድሜዬ ሁሉ ስኳሬን በብር ማንኪያ አማስዬ አላውቅም። ታላቅ ወንድም ማንኪያውን ወስዶ ጀርባውን ሲያገላብጥ አየሁት፤ ያን ያህል ዓመት አብሮት የኖረውን አንበሳ ገና መፈለጉ ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ አንተም ቤት አልጋ ሥር ወይም ቁም ሣጥን ውስጥ የተቆለፈ ነገር ሳይኖር አይቀርም። እንግዳ ሲመጣ አውጣው። ሣህለ ሥላሴ ጎንቾን የከፈቱት በሕይወታቸው ማታ ላይ ነው። እኛ ቀን ላይ ብንከፍት ይሻላል።